አዝማሪን በምን እንመዝነው?

ሜክሲኮ ሲቲ፣ ጋሪባልዲ አደባባይ ማሪያቺ የሚባሉትን ሙዚቀኞች የሚያስጫውት ሰው ዘፈን መርጦ ለእያንዳንዱ ዘፈን ይከፍላል። ባሕር ዳር አዝማሪ ቤት የገባ ግን ዘፈኑ ራሱ እሱ ነው። ስለዚህ ሚዛኑም ይለያል።

በድምፅ አትጀምር፤ ድምፅ ማጉያው ጎበዙንም ሰነፉንም እኩል ያስጮኸዋል። ማሲንቆውን ስማ። ያለው አንድ የፈረስ ጭራ ክር ነው፤ ጣትም ክሩን ይነካዋል እንጂ እንጨቱ ላይ አይጫነውም። ቅኝቱን የሚጠብቀው የተጫዋቹ ጆሮ ብቻ ነው። በትዝታ ቅኝት ብዙ ሰው ይደበቃል፤ አንቺሆዬን ጠይቀው። እዚያ ድምፆቹ ስለሚቀራረቡ ጣቱ ትንሽ ከሳተ ወዲያው ይታወቅበታል።

ግጥሙ ላይ ስትደርስ በስምህ መጠራት አይደልልህ። ስምህን አስተናጋጁ ወይም ጓደኛህ ቀድሞ ሹክ ብሎታል። ቁመናህንና ደግነትህን ማሞገስም ለማንም የሚሆን ልክ የሌለው ልብስ ነው። ጎበዙ ያየውን ይይዛል፤ ያልነካኸውን ብርሌ፣ ዓይንህ የሚመላለስበትን ጠረጴዛ። ዓባይን ጠርቶ ውሸታም ወዳጅን መውጋት፣ ወንዙ ከጣና በሚወጣበት ከተማ፣ የተበላ ሕብረ ቃል ነው፤ እኔ ነጥብ አልሰጥበትም። ከሰሙ ሥር ያለው ወርቅ ጥሩ ከሆነ መጀመሪያ ከጥግ አንድ ሰው ብቻ ይስቃል፣ ቤቱ ቆይቶ ይከተላል።

ትልቁ ፈተና ግን «ተቀበል» ነው። እንግዳው ስንኝ ይወረውራል፣ አዝማሪው በዜማ ይቀበላል። ሰነፉ የሰማውን እንዳለ ይደግማል። ጎበዙ የሞቀው ሰው የሰጠውን ቤት የማይመታ ስንኝ አንድ ቃል አሳጥሮ፣ ሌላውን ጎትቶ፣ ባለቤቱን ሳያሳፍር ያቃናዋል፤ ቀጥሎ የራሱን መልስ ይጨምርበታል። ለማሰብ ደጋኑን ቢያስረዝም ጥፋት አይደለም። ደጋኑ ከቆመ ግን ነገሩ አልቋል።

አብራው የምትዘፍን ሴት ካለች እሷንም ለብቻ መዝን፤ ብዙ ጊዜ የነገሩ ስለት ከእሷ ነው። እስክስታው ያምራል፣ ግን ደካማ ግጥም መሸፈኛም ይሆናል።

ሽልማቱንም ተመልከት። ብር ግንባሩ ላይ የለጠፈለትን ብቻ የሚያወድስ ነጋዴ ነው። የሸለመውን ጌታ ሳይቀር በዘዴ የሚሸነቁጥ፣ ባዶ ኪሱን ጥግ የተቀመጠውንም በአንድ ስንኝ የሚያስታውስ፣ እሱ አዝማሪ ነው።

ስትሄድ ከድምፅ ማጉያው ራቅ ብለህ ተቀመጥ፤ ዝርዝር ብር ያዝ፤ አንድ የራስህን ስንኝም አዘጋጅ።