የመጀመሪያው ሸክላ እንዴት ይመዘን?

ከሸክላ ገምጋሚ ሥራ ሁሉ ከባዱ በታላቅ ስም የተሸፈነ ደካማ ሥራን መመዘን ነው። የኢትዮ ጃዝ አባት የሚባለው ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1966 ኒው ዮርክ ውስጥ «አፍሮ ላቲን ሶል» በሚል ርዕስ ያወጣቸው ሁለት ሸክላዎች እንዲህ ያለ ፈተና ያመጣሉ። አንዳንዱ ዜማ ዛሬም ጆሮ ይይዛል፤ አንዳንዱ ግን በዚያ ዓመት በከተማው ከነበሩት የላቲን ባንዶች የየትኛውም ሊሆን ይችል ነበር። ሁሉን በጅምላ «ታሪካዊ ሥራ» ብሎ ማለፍ ለአድማጩም ለሙላቱም አይበጅም። በእኔ እምነት የአንድ ሙዚቀኛ የመጀመሪያ ሸክላ መመዘን ያለበት ኋላ ባገኘው ክብር ሳይሆን ያኔ ሊፈታው በተነሣው ጥያቄ ነው፤ ያውም አንድ በአንድ፣ ዜማ በዜማ።

ችግሩ አብዛኞቻችን ሙላቱን ከኋላ ወደፊት መስማታችን ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1998 ያወጣው የ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ አራተኛ ቅጽ ከ1969 እስከ 1974 የተሠሩትን የሙላቱን ሥራዎች ሰብስቦ ለዓለም አቀረበ፤ በ2005 የጂም ጃርሙሽ ፊልም «ብሮክን ፍላወርስ» አሰፋፋቸው፤ በ2010 ደግሞ ናስና ዴሚያን ማርሊ «የግሌ ትዝታ»ን ቆርጠው ለራሳቸው ዘፈን መነሻ አደረጉት። እዚህ ቤር ሼቫ በዕብራይስጥ ያደገ የቤተ እስራኤል ልጅ ሙላቱን ያገኘው በዚሁ መንገድ ቢሆን አይገርምም። በዚህ መንገድ የመጣ አድማጭ ወደ 1966 ሲመለስ ወይ ያዝናል፣ ወይ ደግሞ የሌለውን ይሰማል። ይበልጥ የምፈራው ሁለተኛውን ነው፤ አንድ ኮንጋ በተመታ ቁጥር «ይኸው ኢትዮ ጃዝ ተወለደ» የሚል ጆሮ መመዘኑን ትቷልና።

ሙላቱ ያኔ ሊፈታው የተነሣው ጥያቄ ቀላል አልነበረም። ሙላቱ ለንደን ተምሮ፣ ቦስተን በርክሊ ገብቶ የምዕራቡን ኮርድ አጥንቷል። የእኛ ቅኝት ግን በአምስት ድምፅ የቆመ ነው። ትዝታን ወይም ባቲን ይዞ ከሥሩ ሙሉ የጃዝ ኮርድ የሚያነጥፍ ሰው ከቅኝቱ ውጭ ያሉ ድምፆችን ማስገባቱ አይቀርም። እነሱ ሲበዙ ቅኝቱ መልኩን ያጣል፤ ሲያንሱ ደግሞ ጃዙ ይከስማል። በ1966 መልሱ እንዳልተገኘ፣ ፍለጋው ግን እንደተጀመረ የሚያሳየው «መስከረም ሲጠባ» ነው። ሙላቱ ይህን ዜማ በመጀመሪያው ሸክላ ላይ ቀርጾታል፤ በ1972ም «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» በተባለው አልበሙ እንደገና ሠርቶታል። ከተማው ያው ኒው ዮርክ፣ አሳታሚው ያው ዎርዚ ሬከርድስ፣ መሪውም ያው ሰው ነው። ገምጋሚ እንዲህ ያለ ማነጻጸሪያ የሚያገኘው ስንት ጊዜ ነው? በፊተኛው ቅጂ የላቲኑ ምት ባለቤት ሆኖ ተቀምጧል፤ ዜማው እንግዳ ነው፣ ምቱ በፈቀደለት መጠን ብቻ ይናገራል። በኋለኛው ምቱ ለዜማው ቦታ ለቋል። አንዱ ሐረግ ተነግሮ እስኪያልቅ ሌሎቹ መሣሪያዎች ይጠብቁታል፤ ቅኝቱም ሳይድበሰበስ ይሰማል።

«ይህ የ1966ቱን ሙላቱ በ1972ቱ ሙላቱ መክሰስ ነው» የሚል ይኖራል። ከተቃውሞዎቹ ሁሉ የሚከብደኝ ይህ ነው። የ1972ቱን ያመጣሁት ግን ጥያቄው ምን እንደነበረ ለማየት ነው፤ ፍርዱን የምወስደው ከዘመኑ ሰዎች ነው። በዚያው በ1966 የጆ ኩባ ስድስት አባላት ያሉት ባንድ፣ ከነሐስ መሣሪያዎች ይልቅ ቫይብራፎንን ይዞ፣ «ባንግ ባንግ» በተባለ ቡጋሉ (የዘመኑ የላቲን ጭፈራ ስልት ነው) ኒው ዮርክን አስጨፈረ። የሙላቱን ቡጋሉ «ዘ ፓንተር»ን ከዚህ ጎን አስቀምጡት። አጨዋወቱ ንጹሕ ነው፤ ግን ጆ ኩባ ዘንድ ያለው የጭፈራ ግለት የለውም፣ በምትኩ ያመጣው ሌላ ነገርም የለም። ስለ «ላቨርስ ማምቦ»ም ፍርዴ ያው ነው። «አይፈራም ጋሜ አይፈራም» ግን ሌላ ነገር ነው። የጥንት የጦር ዘፈናችን በስፓኒሽ ተዘፍኖ ማን ሰምቶ ያውቃል? አገጣጠሙ የሚሻክርበት ቦታ አለው፤ ቢሆንም ከጆ ኩባ ባንድ ማንም ሊያስበው የማይችለው ሐሳብ ነው። ይህን ዜማ ከፍ፣ «ዘ ፓንተር»ን ዝቅ ለማድረግ 1972 አያስፈልገንም።

ድክመቱን ለቀረጻው ጥራት የሚሰጡም አሉ። ቀረጻን ከአጨዋወት ለመለየት የሚረዳ ምስክር በስዊንግ ዘመን ታላላቆች ዘንድ አለ። ኮልማን ሆኪንስ በ1923 ከፍሌቸር ሄንደርሰን ባንድ ጋር ሲቀርጽ ማይክሮፎን ገና አልገባም፤ ድምፅ የሚሰበሰበው በትልቅ ቀንድ ነበር። ሳክስፎኑ ምላሱ እየጠፈጠፈው ግትር ሆኖ ይሰማል። ጥፋቱን በቀንዱ ላይ እንዳንጥል ግን በ1924 ሉዊ አርምስትሮንግ ወደዚያው ባንድ ገባ፤ በዚያው ቀንድ በኩል መለከቱ እንደ ልቡ ይወዛወዛል። ሆኪንስ ተማረ፤ በ1939 እጅግ የተደነቀውን «ቦዲ ኤንድ ሶል»ን የቀረጸው ይኸው ሰው ነው። ቀረጻ ባሱን ሊያደበዝዝ፣ ከበሮውን ሊያርቅ ይችላል። ዜማው በምቱ ላይ የተቀመጠበትን መንገድ ግን አይለውጥም፤ በ1966ቱ ሸክላዎች የሚያከራክረን ደግሞ ይኸው አቀማመጥ ነው።

የቀረው የአክብሮት ጉዳይ ነው፤ የአንጋፋን ጅማሬ መንቀፍ ነውር ይመስላል። እኔ ግን ሁሉን እኩል ማሞገስ የሰውየውን ድካም መካድ ነው እላለሁ። በ1966 ሁሉ ነገር ሞልቶ ከነበረ፣ አዲስ አበባ ተመልሶ እስከ 1974ቱ የአምሃ ሬከርድስ አልበም «የካቲት» ድረስ የለፋው ለምን ነበር? ሁለቱ ሸክላዎች በ2018 ስትራት በተባለው አሳታሚ እንደገና ስለታተሙ ማንም ሊገዛቸው ይችላል። የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ሁለቱን «መስከረም ሲጠባ» ጎን ለጎን፣ ከዚያም «አይፈራም ጋሜ»ን ደጋግሞ ይስማ፤ ማምቦውና ቡጋሉው ሊቆዩ ይችላሉ።