የጁባ አንድ ሰዓት፦ የቪፋት ማብራሪያ ሰነድ ስለ ጊዜ የሚለውና የማይለው

የሊኑክስ ከርነል ከኮዱ ጋር አብሮ የሚሠራጭ የማብራሪያ ሰነድ አለው። ከዚህ ውስጥ የፋይል ሥርዓቶችን የሚመለከተው ክፍል ሰፊ ነው፤ ቪፋት ለተባለው ሥርዓት የተመደበው ጽሑፍ ግን አጭርና ደረቅ፣ በአብዛኛውም የአማራጮች ዝርዝር ነው። የቋንቋ ባለሙያ ሊተቸው የሚገባ ጽሑፍ አይመስልም። ይሁንና በመስክ የሚቀረጽ ድምፅ ብዙውን ጊዜ በሚሞሪ ካርድ ላይ ያርፋል፤ እስከ 32 ጊጋባይት የሚይዙ ካርዶችም በተለምዶ የሚጠቀሙት የፋት ቤተሰብ የሆነ ሥርዓት ነው። በባሪ፣ በዲንካ፣ በኑዌር ወይም በጁባ ዓረብኛ የተቀረጸ ትረካ መቼ እንደ ተቀረጸ የሚመሰክረው፣ የማስታወሻ ደብተሩ ከጠፋ፣ በፋይሉ ላይ የታተመው ጊዜ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ፋት ጊዜን የሚመዘግበው በአካባቢ ሰዓት ነው፤ የየትኛው አካባቢ እንደሆነ ግን አይጽፍም። ሊኑክስ በውስጡ የሚሠራው በዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት፣ በዩቲሲ ነው። ስለዚህ ካርዱ ከኮምፒውተሩ ጋር ሲያያዝ አንዱ ሰዓት ወደ ሌላው መለወጥ አለበት። ሰነዱ ለዚህ «ታይም ኦፍሴት» የተባለ አማራጭ ያቀርባል፦ ተጠቃሚው የደቂቃ ቁጥር ይሰጣል፣ ቁጥሩም ከእያንዳንዱ ፋይል ጊዜ ላይ ይቀነሳል። ቀጥሎ ማስጠንቀቂያ ይመጣል። በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓትን የማዞር ልማድ፣ ማለትም የበጋ ሰዓት፣ ባለበት ቦታ ይህ አማራጭ ሁልጊዜ ትክክለኛ ጊዜ እንደማይሰጥና በአንድ ሰዓት ሊስት እንደሚችል ይገልጻል።

ማስጠንቀቂያው እውነት ነው። ጉድለቱ የሚታየው ጁባ ላይ ሲነበብ ነው።

በሱዳን የበጋ ሰዓት የቀረው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። የጁባ አንባቢ እንግዲህ ማስጠንቀቂያው አይመለከተኝም ብሎ ቢያልፈው አይፈረድበትም። ነገር ግን ሱዳን፣ ደቡቡን ጨምሮ፣ እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 2000 ከዩቲሲ ሁለት ሰዓት ከሚቀድም ሰዓት ሦስት ወደሚቀድም ተዛወረች። ካርቱም በኅዳር 1 ቀን 2017 ወደ ሁለት ስትመለስ ጁባ ባለችበት ቆየች፤ እርሷም የተመለሰችው የካቲት 1 ቀን 2021፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥር 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ዕለት ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ሰዓት ትቆጥር የነበረች ከተማ ከዚያ ወዲህ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ቀርታለች።

በጥር 2021 ጁባ ውስጥ ጠዋት 10:00 ላይ የተቀረጸ ፋይል እንውሰድ። ትክክለኛው ዩቲሲ 07:00 ነው። ካርዱ በመጋቢት በ120 ደቂቃ ልዩነት ቢያያዝ ከርነሉ 08:00 ይላል። የጁባን ታሪክ በትክክል የሚያውቅ ፕሮግራም ያንን ጊዜ ወደ አካባቢ ሰዓት ሲመልሰው፣ በጥር ልዩነቱ ሦስት ሰዓት ስለነበረ፣ 11:00 ብሎ ያሳያል። አማርኛ ተናጋሪ ረዳት በደብተሩ «4 ሰዓት» ብሎ ጽፎ ከሆነ ነገሩ ይብሳል፤ ስድስቱን ሰዓት ማስታረቅ የለመደ ሰው የቀረችውን አንዷን በቀላሉ ያልፋታል። በአንድ ጠዋት ሦስት ተራኪዎች በተከታታይ ከተቀረጹ ደግሞ የአንዱ ቃል በሌላው ስም ሊመዘገብ ይችላል።

ስሕተቱ የቴክኒክ ብቻ አይደለም፤ የቃል ምርጫም ነው። ሰነዱ የወገኑን ስም መጥራት ሲገባው የዝርያውን ጠራ። ችግሩን የሚወልደው አንድ ካርድ ላይ ያሉ ፋይሎች የአካባቢው ልዩነት የተለያየ በነበረባቸው ጊዜያት መመዝገባቸው ነው፤ የበጋ ሰዓት ለዚህ አንድ ምክንያት እንጂ ብቸኛው አይደለም። ጸሐፊዎቹ የሚያውቁትን ምሳሌ እንደ ፍቺ አስቀመጡት። መዝገበ ቃላት አዘጋጅ «መኖሪያ» የሚለውን ቃል «የቆርቆሮ ቤት» ብሎ ቢፈታ የሚፈጠረው ዓይነት ጉድለት ነው።

ቴክኒካዊ ሰነድ የሚያረጀው ኮዱ ሲለወጥ ነው የሚለው አስተሳሰብ እዚህ አይሠራም። በ2021 ከዚህ አማራጭ ኮድ ውስጥ ጁባን ብሎ የተለወጠ ነገር አልነበረም፤ የተለወጠችው አገሪቱ ናት። ከኮዱ ለውጥ ጋር ሰነዱም ይታረም የሚለው መልካም ደንብ እንዲህ ያለውን እርጅና የሚይዝበት እጅ የለውም።

የዓለም የሰዓት ሰቆች የመረጃ ቋት ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ሌላ ዓይነት ጽሑፍ ነው። በ2017ሲ እትሙ «አፍሪካ/ጁባ» የካርቱም ተለጣፊ መሆኑ ቀርቶ ራሱን ቻለ፤ የ2021ኤ እትም የጁባን መመለስ ይዞ የወጣው ለውጡ ሊፈጸም አንድ ሳምንት ያህል ሲቀረው ነበር። አዲስ ሲጻፍ አሮጌው አይፋቅም፤ ከ1931 በፊት ለጁባ የተሰጠው 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ28 ሴኮንድ ሳይቀር ዛሬም በቦታው አለ። ለምን እንደተለወጠ የሚያስረዱ ማስታወሻዎችም ከመስመሮቹ ጎን ይነበባሉ። ከአንድምታ ትርጓሜ ጋር የለመደ አንባቢ ይህን ጠባይ ያውቀዋል፦ የቀደመው ሐተታ ቀጣዩ ስለመጣ አይወጣም። ልዩነቱ፣ አንድምታ ሁለቱን ፍቺዎች ጎን ለጎን ሲያቆያቸው የመረጃ ቋቱ ለእያንዳንዱ ዘመን አንድ ፍርድ ብቻ መስጠቱ ነው።

ለቪፋት ሰነድ ጸሐፊዎች መከላከያ አይጠፋም። የከርነል ሰነድ የእያንዳንዱን አገር የሰዓት ታሪክ ሊተርክ አይችልም፤ ቢሞክር በየዓመቱ ያረጃል። ነገር ግን የሚፈለገው ታሪክ አይደለም። «የአካባቢው ልዩነት ከአሁኑ የተለየ በነበረበት ጊዜ የተመዘገቡ ፋይሎች በልዩነቱ መጠን ይስታሉ» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ጁባንም፣ ካርቱምንም፣ የበጋ ሰዓት የሚያዞሩትንም ያቅፋል፤ ነገ ሌላ አገር ሰዓቱን ቢያዛውር ማንም ሊያርመው አያስፈልግም። አሁን ያለው አጻጻፍ በአንጻሩ ሱዳን ሰዓቷን ካዛወረች ከ2000 በኋላ የተጻፈ በመሆኑ፣ በተጻፈ ቀንም ቢሆን ያልተሟላ ነበር።

ከ32 ጊጋባይት በላይ በሚይዙ ካርዶች የተለመደው ኤክስፋት ከእያንዳንዱ ጊዜ ጋር ከዩቲሲ ያለውን ልዩነት በ15 ደቂቃ መለኪያ የሚያስቀምጥበት ቦታ አለው፤ መቅረጫው ከሞላው ችግሩ ይቀላል። በፋት ላይ ያለ የቆየ የጁባ ቅጂ ግን ወደ ቤተ መዛግብት ከመገልበጡ በፊት ሁለት ጊዜ መያያዝ ይኖርበታል፦ የመቅረጫው ሰዓት በዕለቱ ተስተካክሎ ከሆነ፣ ከየካቲት 1 ቀን 2021 በፊት ለተመዘገቡት ፋይሎች በ180 ደቂቃ፣ ከዚያ ወዲህ ላሉት በ120።