ጠመንጃና ጨዋነት

ሰው ሁሉ ከታጠቀ ሰው ሁሉ ጨዋ ይሆናል የሚል እምነት አለ። ስድብ ይቀንሳል፣ ድንበር የሚገፋ ይጠፋል፣ ሁሉም አፉን ይሰበስባል ነው ነገሩ። ይህን የሚያምኑት ታጣቂዎች ብቻ አይደሉም፤ የጥበብ ሰዎቻችንም አሉበት። በቀረርቶውና በሽለላው፣ አሁን አሁን ደግሞ በዘፈን ክሊፑ፣ ጠመንጃ የወንድነት ጌጥ ሆኖ ሲቀርብልን አጨብጭበናል። እኔ እዚህ የምተቸው ጠመንጃ መያዝን አይደለም። የምተቸው ጠመንጃን በአደባባይ ማሳየትንና ይህንኑ ማሳየት ጨዋነት ብሎ መጥራትን ነው።

ጠመንጃ በባህላችን የራሱ ወግ ያለው ዕቃ ነው። ሰናድር፣ ውጅግራ፣ ምንሽር እያልን ጠርተነዋል፤ ውጅግራ ራሱ «ፉዚ ግራ» የተባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ ስም በአንደበታችን ተሞርዶ የወጣ ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ግጥምን እርግፍ አድርጎ ትቶ እ.ኤ.አ. በ1887 ሸዋ የደረሰው ወደ 2,000 የሚጠጋ ጠመንጃ ለምኒልክ ሊሸጥ ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1888 ዓ.ም.፣ ዐድዋ ሆነ። የዐድዋን ድል የሚያሳዩትን ባህላዊ ሥዕሎች ልብ ብሎ ላየ፣ ወገን በሙሉ ፊቱ፣ ጠላት ግን በጎኑ ይሣላል። ጠመንጃው በሁለቱም እጅ ጠመንጃ ነው። ደጉን ከክፉው የሚለየው የያዘው ሰው ፊት ነው። ሠዓሊው ሊነግረን የፈለገውን ባላውቅም እኔ የምማረው ይህን ነው፦ መሣሪያ በአደባባይ ሲወጣ ተመልካቹ አስቀድሞ የሚፈልገው ፊትን ነው፤ «የማን ነው?» የሚለውን መልስ።

ሐዲስ ዓለማየሁም በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ይህን ጉዳይ ነክተውታል። ፊታውራሪ መሸሻ በክብራቸውና በትጥቃቸው የተኮፈሱ ባላባት ናቸው። በገበሬዎቻቸው ላይ ይዘምታሉ፤ የሚመለሱት ግን ድል አድርገው ሳይሆን በእነአበጀ በለው እጅ ተማርከው ነው። ደራሲው በጀግንነት ላይ የሚስቁ አይመስለኝም። የሚስቁት ጀግንነትን ከትጥቁ ጋር አንድ አድርጎ በሚያይ ሰው ላይ ነው። ይህ ሣቅ በኋላ በመጡት ብዙ ሥራዎች ውስጥ ጠፍቷል፤ ጠመንጃው ቀረ፣ ሣቁ ሄደ።

ወደ ወለጋ እንምጣ። የሌቃ ነቀምቴው ሞሮዳ በከሬ ለምኒልክ የገበሩት ያለ ጦርነት ነበር፤ ልጃቸው ደጃዝማች ኩምሳም (ገብረ እግዚአብሔር) የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ቆይተዋል። በብዙው የደቡብ አገር ግን ጠመንጃ ይዞ የመጣው ሰው በጠመንጃው ተጠራ፤ «ነፍጠኛ» ተባለ። ነፍጡ ዝጎ ካለቀ በኋላ እንኳ ቃሉ አልዛገም። ዛሬ ጠመንጃ ነክቶ የማያውቅ ድሃ ገበሬ በዚህ ስም ሲሰደብ እንሰማለን። በአደባባይ የታየ መሣሪያ ባለቤቱ ከሞተም በኋላ በሰው አንደበት ውስጥ መቶ ዓመት ይኖራል ማለት ነው።

ከባኮ አልፎ ወደ ሲሬና ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ አኖ የምትባል ከተማ አለች፤ የጎቡ ሰዮ ወረዳ መቀመጫ ናት። በዚያ መስመር ስመላለስ ከመንገድ ዳር ሻይ ቤቶች በአንዱ ያየሁት ነገር አለ። ሰዎች ስለ በቆሎ ዋጋ ሞቅ አድርገው ይከራከራሉ። የደንብ ልብስ ያልለበሰ፣ ክላሽ ያነገተ ጎልማሳ ገባ። በትሕትና ሰላምታ ሰጠ፤ መሣሪያውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ሻይ አዘዘ፤ ሒሳቡንም ከፍሎ ወጣ። ማንንም አላስቀየመም። እርሱ እስኪወጣ ድረስ ግን የበቆሎው ክርክር ቆሞ ወሬው ስለ ዝናቡ ሆነ። ሰውየው ሚሊሻ ይሁን ሌላ፣ የመንግሥት ይሁን የጫካ፣ የጠየቀው አልነበረም። ሁሉም ግን በልቡ ይጠይቅ ነበር።

ሰውየው ጨዋ ነበር። ሻይ ቤቱም ጨዋ ሆነ። ነገር ግን የእርሱ ጨዋነት ምርጫ ሲሆን የሌሎቹ ግዴታ ነበር። ትጥቅ ያመጣዋል የሚባለው ጨዋነት ይኸው ነው፦ ባዶ እጁን የተቀመጠው ሰው ዝምታ። ዝምታን ጨዋነት ብለን ከጠራን፣ መቃብር ከሁሉ የበለጠ ጨዋ ሰፈር መሆኑ ነው!

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ መከራከሪያ ይነሣል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በምሥራቅ ወለጋ ኪረሙ የአማራውም የኦሮሞውም ሰላማዊ ሰው ተገድሏል። በሰኔ 2014 ዓ.ም. በጊምቢ ወረዳ ቶሌ ቀበሌ ብዙ ሕዝብ፣ ሴቶችና ሕፃናት ጭምር፣ አልቋል። በመንግሥትና በኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት መካከል ታንዛኒያ ላይ በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. የተደረጉት ሁለት ዙር ድርድሮች ያለ ስምምነት ተበትነዋል። በዚህ መካከል ለቆመ ገበሬ «ጠመንጃህን ጣል» ማለት ለእኔ ለጸሐፊው ቀላል ነው፤ ሌሊት በሩ የሚንኳኳው የእርሱ ነውና። ይህን እቀበላለሁ። ግን ሌሊት ቤቱን የሚጠብቅበት መሣሪያ ቀን ገበያ ውስጥ ምን ያደርጋል? ቤት ሲቀመጥ ጥበቃ ነው፤ ሰው መሐል ሲወጣ ንግግር ይሆናል። ንግግሩን ደግሞ እያንዳንዱ ሰሚ እንደ ፍርሃቱ ይተረጉመዋል።

ሕጉስ? የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ለመሣሪያ ፈቃድን ይጠይቃል። ይሁን እንጂ ፈቃድ ኪስ ውስጥ የሚቀመጥ ወረቀት ነው፤ በሩቁ አይነበብም። በሰለጠነውም ዓለም ቢሆን ጥያቄው አልተፈታም። እ.ኤ.አ. በ1967 ጥቁር ፓንተሮች መሣሪያቸውን በግልጽ ይዘው የካሊፎርኒያ ምክር ቤት በገቡ ጊዜ፣ ግዛቲቱ የተጎረሰ መሣሪያ በአደባባይ መያዝን የሚከለክል ሕግ በዚያው ዓመት አወጣች። በቴክሳስ ደግሞ ከ2021 ጀምሮ ሽጉጥ ለመታጠቅ ለብዙው አዋቂ ሰው ፈቃድ እንኳ አያስፈልገውም። በአንድ አገር ውስጥ አንዱ አስፈሪ፣ ሌላው ባለመብት ሆኖ ይታያል። «የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ እዚያም አለ።

የተሻለውን ትምህርት ሩቅ ሄደን መፈለግ የለብንም። ያገቡ የኦሮሞ ሴቶች የሚይዙት ሲንቄ ቀጭን በትር ነው። ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ይዘው በጠበኞች መካከል ከገቡ ጠቡ መቆም አለበት፤ አልፎ መሄድ ነውር ነው። በኢሬቻም ሰው የሚይዘው ለምለም ሣርና አበባ ነው፤ መሣሪያ ይዞ አይወጣም። እነዚህ ወጎች የጀመሩት ጦርና ጋሻ ከማያውቅ ሕዝብ አይደለም። ጦርና ጋሻ ያለው ሕዝብ፣ መሣሪያ የማይገባበት ቦታ ሊኖር እንደሚገባ አውቆ ያበጃቸው ናቸው። የትጥቅ ወግ ማለት ለእኔ ይህ ነው፤ አያያዙን ከማሳመር በፊት የት እንደማይያዝ ማወቅ።

ሠርግ፣ ለቅሶ፣ ገበያ፣ ትምህርት ቤት፣ ሻይ ቤት ከእነዚህ ቦታዎች መቆጠር አለባቸው እላለሁ። ይህን የአገር ሽማግሌ ሊመክርበት፣ ሕግም ሊያጸናው ይችላል። የጥበብ ሰዎች ድርሻ ግን ሌላ ነው። ጠመንጃ የያዘውን ዘፍነንለታል፣ ሥለነዋል፣ ግጥም ደርድረንለታል። የበቆሎውን ክርክር በመሐል አቁሞ ስለ ዝናብ ማውራት የጀመረውን ሰው ግን ገና አልጻፍነውም። እኔ በበኩሌ ማንበብ የምፈልገው የእርሱን ታሪክ ነው።