የጫት ትኩስነትና የጥናቶቻችን ጉድለት፦ ሂሳዊ አስተያየት

ስለ ጫት በተጻፉ የሕክምና ጽሑፎች ውስጥ አንድ አባባል ከጸሐፊ ወደ ጸሐፊ ሲተላለፍ ኖሯል። ይኸውም ጫት በተቀጠፈ በ48 ሰዓት ውስጥ ካልተቃመ ኃይሉን ያጣል የሚለው ነው። የዚህ አስተያየት ዓላማ አባባሉ ምን ያህል እውነት እንደያዘ መመርመርና ያለ ጥያቄ መቀበሉ በምርምራችንና በሕክምና አገልግሎታችን ላይ ያስከተለውን ጉድለት ማመልከት ነው።

አባባሉ መሠረት የለሽ አይደለም። በለጋው ቅጠልና በቀንበጡ ውስጥ የሚገኘው ዋነኛ አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን ነው። ቅጠሉ እርጥበቱን እንደያዘ ሲጠወልግ ካቲኖን ወደ ካቲንና ወደ ኖርኤፌድሪን ይለወጣል፤ እነዚህም አእምሮን በማነቃቃት ረገድ ከካቲኖን እጅግ የደከሙ ናቸው። ነጋዴውና ቃሚው ይህን ያለ ላቦራቶሪ ያውቁታል። ከአወዳይ ተነሥቶ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚጓዘው ጫት ጥድፊያ የሚበዛው፣ እንደ ቡልጋሪያ ባሉ የቂርቆስ ክፍለ ከተማ ሰፈሮችም ቅጠሉ በኮባ ተጠቅልሎና ውኃ ተርከፍክፎበት ገዢ የሚጠብቀው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሳይንስ ራሱም በቅጠሉ አያያዝ ምክንያት ለረጅም ጊዜ ተሳስቶ ነበር። በ1930 እ.ኤ.አ. ዎልፍስ የተባለ ተመራማሪ በጫት ውስጥ ካቲን መኖሩን ከለየ በኋላ የምርቃናው ምንጭ ይኸው ንጥረ ነገር እንደሆነ ሲታሰብ ቆየ። ካቲኖን የታወቀው በ1975 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የናርኮቲክስ ላቦራቶሪ ትኩስነቱ የተጠበቀ ቅጠል ሲመረምር ነው። ካሊክስና ብሬንደን በ1985 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሰፊ ዳሰሳም ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚመሳሰል አሠራር እንዳለው የሚያሳዩትን ማስረጃዎች አጠናቅሮ አቀረበ። እንግዲህ ከ1930 እስከ 1975 በነበሩት 45 ዓመታት የተያዘው ግንዛቤ የተመሠረተው ቃሚው በሚመርጠው ቅጠል ላይ ሳይሆን ቆይታ በለወጠው ቅጠል ላይ ነበር ማለት ይቻላል።

ይህ ትምህርት ሊያስጠነቅቀን ሲገባ ሌላ ስሕተት ወለደ፤ መጠውለግና መድረቅ እንደ አንድ ነገር ተቆጠሩ። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ የፎረንሲክ ጥናት ግን ጫትን ማድረቅ ካቲኖንን ለረጅም ጊዜ ለማቆየት እንደሚያገለግል አሳይቷል። የሚጎዳው እርጥበት ይዞ ቀስ በቀስ መጠውለጉ እንጂ መድረቁ ብቻውን አይደለም። ተመሳሳይ ትምህርት ከሌላ አገርም ይገኛል። በ2021 እ.ኤ.አ. በቼክ ሪፐብሊክ ሳይሎሳይቢን ባላቸው እንጉዳዮች ላይ የተደረገ ጥናት ንጥረ ነገሩ ይበልጥ የቆየው ሳይፈጩ ደርቀው በጨለማና በክፍል ሙቀት በተቀመጡት ውስጥ መሆኑን፣ ትኩስ እንደሆኑ በ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች የተቀመጡት ግን ብዙ እንዳጡ ዘግቧል። ስለዚህ «ትኩስ» ማለት ኃይለኛ፣ «ደረቅ» ማለት ደካማ ነው የሚለው ፍረጃ ለሁሉም አይሠራም።

ከዚህ አንጻር የአገራችንን ጥናቶች ስንመረምር ጉድለቱ ጎልቶ ይታያል። አታላይ ዓለምና ባልደረቦቹ በቡታጅራ 10,468 ጎልማሶችን ጠይቀው በ1999 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት በስፋቱም በጥንቃቄውም የሚመሰገን ነው። ከተጠየቁት 50 በመቶው በወቅቱ የሚቅሙ መሆናቸውን፣ ከነዚህም 17.4 በመቶው በየቀኑ እንደሚቅሙ አረጋግጧል። ሆኖም የቀን ቆጠራ የመጠን ልክ አይደለም። አንዱ ጠዋት የተቀጠፈ ቀንበጥ፣ ሌላው ሁለት ቀን ያደረ ገራባ በየቀኑ ቢቅሙ በሰንጠረዡ ላይ እኩል ይሆናሉ፤ ወደ ደማቸው የሚገባው ካቲኖን ግን እኩል አይደለም። ጫት ከሥነ አእምሮ ሕመም ወይም ከደም ግፊት ጋር ያለው ዝምድና በአንዱ ጥናት ጠንክሮ፣ በሌላው ላልቶ ሲታይ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ተገቢ ነው። በቡታጅራው ላይ የቀረበው ነቀፌታ ከዚያ በኋላ ተመሳሳይ መጠይቅ ይዘው ለወጡት ጥናቶች ይበልጥ ይገባል።

ጉዳቱ በጥናት ብቻ አይወሰንም። የ48 ሰዓቱን አባባል አምኖ የተቀበለ ሐኪም፣ እንቅልፍ አጥቶና ጥርጣሬ ገብቶት የመጣ ሕመምተኛ «የቃምኩት ደረቅ ነው» ሲለው ጫትን ከምክንያቶች ዝርዝር ሊሰርዝ ይችላል። በውጭ አገር ለሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ ነገሩ የሕግ ጉዳይ ነው። ኔዘርላንድስ በ2013፣ ብሪታንያ በሰኔ 2014 እ.ኤ.አ. ጫትን ከልክለዋል። በአሜሪካም ካቲኖን ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እጅግ ጥብቅ ቁጥጥር በሚደረግባቸው ዕፆች መደብ ውስጥ ይገኛል። ደርቋልና ኃይል የለውም ብሎ ቅጠል በሻንጣ የያዘ ሰው ላቦራቶሪው የሚነግረው ሌላ ነው።

ትኩስነትን ለመጠበቅ የሚደረገው ጥረትም የራሱ ጣጣ አለው። በኮባና በፌስታል ውስጥ ታፍኖ የሚያድር እርጥበት ለሻጋታ ይመቻል፤ የሚረጨው ውኃ ንጹሕ ካልሆነ ተሕዋስያንን ይዞ ይመጣል። በአገራችን ጫት ላይ የዲዲቲ ቅሪት መገኘቱን የዘገቡ ጥናቶችም አሉ። ቅጠሉ ሳይበስል የሚቃም በመሆኑ እነዚህ ሁሉ በቀጥታ ወደ አፍ ይገባሉ።

መፍትሔው ከባድ ወጪ አይጠይቅም። ማንኛውም የጫት መጠይቅና የሕመምተኛ ታሪክ ሦስት ጥያቄዎችን ይጨምር፦ ቅጠሉ ከተቀጠፈ ስንት ጊዜው ነው? በምን ሁኔታ ቆየ? የተቃመውስ ቀንበጡ ነው፣ ቅጠሉ ወይስ ገራባው? ቅጠል የሚመረምር ላቦራቶሪም ናሙናው መቼ እንደተቀጠፈና እንዴት እንደተያዘ ሳይጽፍ ውጤት አያውጣ። የመጽሔት አርታዒዎችም ይህ መረጃ የጎደለውን ጽሑፍ ለጸሐፊው ቢመልሱ ለአንባቢ ትልቅ ውለታ ይውላሉ።