ስሟ የማይጠራው ልጅ

የጥንት ግሪክ ትራጄዲ ሳዘጋጅ ከተዋንያን ጋር አብዝቼ የምከራከረው በክህደት ጉዳይ ነው። ከዳተኛን የሚጫወት ሰው ገና መድረክ ሲረግጥ ፊቱን ያጠቁራል፣ ድምፁን ያሻክራል። ተመልካቹ ክፋቱን ቀድሞ ካወቀው ምኑ ያመዋል? እኔ በልምምድ መጀመሪያ የምፈልገው ቤተሰቡ ይተማመን የነበረበትን ጊዜ ምልክት ነው።

ኤስኪለስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ458 በአቴንስ ባቀረበው «አጋሜምኖን» ይህ ምልክት አለ። ንጉሡ አጋሜምኖን ወደ ትሮይ እንዳይዘምት ነፋስ ሲከለክለው የገዛ ልጁን ኢፊጌኒያን አውሊስ ላይ ሠዋ። መዘምራኑ እንደሚተርኩት በአባቷ ግብር ላይ ታዜም የነበረችው ልጅ ቤቱን እንዳትረግም አፏን አፈኗት። እዚህ ቦታ ስደርስ ሁልጊዜ ሆዴ ይባባል።

ከዓመታት በኋላ አጋሜምኖን ድል አድርጎ ይመለሳል። ሚስቱ ክሊተምኔስትራ በሕዝብ ፊት ስትቀበለው፣ የሁለታቸው ቃል ኪዳን መያዣ የሆነው ልጅ አጠገባቸው መቆም ሲገባው አለመኖሩን ትናገራለች። ስሙን ግን ቶሎ አትጠራም። ተመልካቹ የሟቿን ነገር ልታነሳ ነው ብሎ ትንፋሹን ይይዛል። የምትጠራው ኦሬስቴስን ነው፤ ወዳጅ ዘንድ የላከችውን ወንድ ልጇን። ባልም ሚስትም ሴት ልጃቸውን ሳያነሱ ያ ትዕይንት ያልፋል።

ተዋናይቷን «ዝምታውን አታርዝሚው፣ እንደናፈቀች ሚስት ተናገሪው» እላታለሁ። ናፍቆቷን ሁሉ ውሸት የሚያደርጉ አዘጋጆች አሉ። እኔ ግማሹ እውነት ይመስለኛል፤ ኋላ የምትገድለው ባሏ አንድ ጊዜ ያመነችው ሰው ነውና።

አጋሜምኖንን የሚጫወተው ሥራ ከዚህ ይከብዳል። ያነጠፈችለትን ውድ ሐምራዊ ጨርቅ ለመርገጥ ያመነታል፤ የአማልክትን ቅናት ይፈራል። የሚስቱን ልብ ግን አይፈራም። ልጇን አርዶባት እንኳ ቤቱ እንደ ድሮው የሚጠብቀው ይመስለዋል። ተዋናዩ ይህን እርግጠኝነት እንደ ሞኝነት ከተጫወተው ትዕይንቱ ይረክሳል። ጫማውን አስወልቆ፣ ደክሞት፣ ቤቴ ገባሁ ብሎ ይራመድ።

ግድያው ከመድረክ ውጪ ነው፤ የምንሰማው ጩኸቱን ብቻ። ክሊተምኔስትራ የኢፊጌኒያን ስም የምትጠራው ሬሳው አጠገብ ቆማ ነው፦ ልጅቷ አባቷን በሙታን ወንዝ ዳር አቅፋ ትስመዋለች ትላለች። ተዋናይቷ እስከዚያ ያፈነችውን ድምፅ እንድትለቀው የምፈቅደው እዚህ ላይ ነው።