«ለጉዞ የሚሆን ጠንካራ ቦርሳ»፦ ስለ ላፕቶፕ መያዣ አመራረጥ የቀረበ አጭር ሂስ

ሂስ ለልቦለድ፣ ለግጥምና ለተውኔት ብቻ የተመደበ አድርገን የምናስብ ብዙዎች ነን። ይሁን እንጂ በሰው እጅ ተሠርቶ፣ ስለ ራሱም የምስክርነት ቃል ተጽፎለት ለገበያ የቀረበ ዕቃ ሁሉ ሂስ ሊቀርብበት ይችላል፤ ይገባዋልም። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው የላፕቶፕ የጀርባ ቦርሳን ነው። ጉዳዩ ቀላል መስሎ የሚታየው አንባቢ ቢኖር፣ ነገሩ ከቦርሳው ይልቅ በውስጡ የሚያዘውን ዕቃ የሚመለከት መሆኑን ያስተውል። መምህሩ ከብዙ ወር ደመወዙ አጠራቅሞ የገዛው ኮምፒዩተር፣ በኮምፒዩተሩም ውስጥ ያለው የትምህርት ዕቅድ፣ የተማሪዎች ውጤትና የመመረቂያ ጽሑፍ ሁሉ በአንዲት የማንገቻ ስፌት ላይ ተንጠልጥሎ ይጓዛል።

በቅድሚያ «ጉዞ» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ እንነጋገር። በገበያ ላይ ከሚገኙት ቦርሳዎች ብዙዎቹ የተሠሩት የአውሮፕላን ማረፊያውን ለስላሳ ወለል በዐይነ ኅሊና በማየት ነው። ለዚህም ማስረጃው በጀርባቸው ላይ የተሰፋው፣ ባለጎማ ሻንጣ እጀታ ላይ ለማጥለቅ የሚያገለግለው ሰፊ ቀበቶ ነው። ቀበቶው ጉዳት የለውም፤ ነገር ግን የተጻፈው ለሌላ አንባቢ መሆኑን ይነግረናል። የእኛ መምህር ግን በብዛት የሚጓዘው በክረምት ነው፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ለክረምት ትምህርት ወደ ኮሌጅና ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሔደው ዝናቡ በበረታበት ወቅት ነውና። ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህም ለፈተና ጥበቃ የሚንቀሳቀሰው መምህር በርክቷል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚሻገር አውቶቡስ በአንድ ቀን ከደጋው ወደ ዓባይ በረሃ ይወርድና እንደገና ደጋ ይወጣል። ቦርሳው በዚያችው ዕለት ብርድን፣ ሙቀትን፣ አቧራንና ዝናብን ይቀምሳል። ወንበሩ ከሞላ ደግሞ ረዳቱ ቦርሳውን በአንድ ማንገቻው ይዞ ወደ ፖርቶመጋላው ይወረውረዋል። እንግዲህ ለእኛ «ለጉዞ የሚሆን» የሚባለው ቦርሳ ይህን ሁሉ የሚችል ነው።

ከዚህ ቀጥለን በቦርሳዎች ላይ ተንጠልጥሎ የምናገኘውን ወረቀት እንደ አንድ ድርሰት እናንብበው። በወረቀቱ ላይ በብዛት የሚገኙት ቅጽሎች ናቸው፦ ጠንካራ፣ ዘላቂ፣ ዘመናዊ፣ ውኃ የማያስገባ። ተማሪዎቻችን በድርሰታቸው ውስጥ ቅጽል ሲያበዙ «ማስረጃህ የታለ?» እንላቸዋለን። ይኸው ጥያቄ ለቦርሳውም ሊቀርብለት ይገባል።

«ጠንካራ» ከሚለው ቃል አጠገብ አንዳንድ ጊዜ 600 ወይም 1000 «ዲኒየር» የሚል ይገኛል። ይህ ቢያንስ ሊለካ የሚችል ነገር ነው። ዲኒየር ማለት 9,000 ሜትር ርዝመት ያለው ክር በግራም ሲመዘን የሚያሳየው ክብደት ነው። የ9 ኪሎ ሜትር ክር 600 ግራም ቢመዝን 600 ዲኒየር ይባላል። ቁጥሩ ከፍ ሲል ክሩ ይወፍራል። ሆኖም ቁጥሩ የክሩን ውፍረት እንጂ የሽመናውን ጥብቀት ወይም የስፌቱን ጥራት አይናገርም። የክሩ ዓይነትም መታወቅ አለበት። ቁጥራቸው እኩል ቢሆንም ናይለን መፋተግን ከፖሊስተር የበለጠ ይችላል፤ ፖሊስተር በበኩሉ የፀሐይን ጨረር ከናይለን የተሻለ ይቋቋማል። ስለዚህ የክሩ ስም ያልተጠቀሰበት ቁጥር ግማሽ ዓረፍተ ነገር ነው።

«ውኃ የማያስገባ» የሚለው ደግሞ ከሁሉ የባሰ የተጋነነ አነጋገር ነው። በእርግጥ የጨርቁ የውስጥ ገጽ ፖሊዩሬቴን የሚባል ሽፋን ስለሚቀባ ውኃን ለጊዜው ይመልስ ይሆናል። ዳሩ ግን መርፌ የገባችበት ሁሉ ቀዳዳ ነው። ስፌቱ በውስጥ በኩል በልዩ ጥብጣብ ካልታሸገ፣ ዚፑም ውኃ እንዳያስገባ ሆኖ ካልተሠራ፣ ዝናቡ ጨርቁን ትቶ በእነዚያ በኩል ይገባል። ሽፋኑም ቢሆን በሙቀትና በእርጥበት ብዛት ከጊዜ በኋላ ይጣበቃል፣ ይላላጣል። ስለሆነም ትክክለኛው አጻጻፍ «ውኃን የሚያዘገይ» መሆን ነበረበት። መሞከር የሚፈልግ ሰው ከገዛ በኋላ፣ ከጉዞ አስቀድሞ፣ ቦርሳውን በጋዜጣ ሞልቶ ዚፑን ዘግቶ ለጥቂት ደቂቃ ውኃ ያፍስስበት። ጋዜጣው የት ላይ እንደራሰ ሲያይ ቦርሳው የት ላይ እንደዋሸ ይረዳል። ኮምፒዩተሩንም በወፍራም ላስቲክ ጠቅልሎ መክተት ለማንኛውም ቦርሳ ይጠቅማል።

«ለ15.6 ኢንች» የሚለውም ማብራሪያ ያስፈልገዋል። ይህ ልኬት የማያው ሰያፍ እንጂ የኮምፒዩተሩ ወርድ አይደለም። አንድ ኢንች 2.54 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ሰያፉ 39.6 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። የማያው የጎን ምጣኔ 16 ለ9 ከሆነ፣ በፓይታጎረስ ደንብ ስናሰላው ማያው 34.5 በ19.4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የኮምፒዩተሩ አካል ግን ከማያው ዙሪያ ባለው ጠርዝ ምክንያት ከዚህ ይሰፋል፤ ጠርዙም ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። እንግዲያው ሁለት «15.6» ኮምፒዩተሮች አንዱ በኪሱ ልክ ገብቶ ሌላው ሊያስቸግር ይችላል። ገዢው ወደ ሱቅ ሲሔድ የኢንቹን ቁጥር በቃሉ ከመያዝ ይልቅ የራሱን ኮምፒዩተር ርዝመት፣ ወርድና ውፍረት በማስመሪያ ለክቶ ይሒድ፤ ቢችል ኮምፒዩተሩን ራሱን ይዞ ሔዶ አስገብቶ ይሞክር።

ከተጻፈው ይልቅ የሚያሳስበን ወረቀቱ ዝም ያለው ነው። ቦርሳ በአብዛኛው የሚበጠሰው ከጨርቁ መካከል ሳይሆን ጨርቅ ከጨርቅ፣ ማንገቻም ከቦርሳው ከሚገናኝበት ቦታ ነው። ወረቀቱ ግን ስለ መጋጠሚያዎች አንድም ቃል አይናገርም። የተጫነ ቦርሳ 8 ኪሎ ቢመዝን ወደ 80 ኒውተን የሚጠጋ ኃይል ይኖረዋል። በሁለት ትከሻ ሲያዝ እያንዳንዱ ማንገቻ 40 ያህሉን ይሸከማል። በአንድ ትከሻ ሲንጠለጠል ሙሉው 80 በአንዱ ላይ ያርፋል። ረዳቱ በአንድ ማንገቻ አፈፍ አድርጎ ወደ ላይ ሲወረውረው ደግሞ ኃይሉ ከዚያም ያልፋል። ስለዚህ ማንገቻው ከላይ የገባበትን ቦታ በሁለት እጅ ወጠር አድርጎ ማየት ያስፈልጋል። በስፌቶቹ መካከል ብርሃን ከታየ ይቅር። ስፌቱ አንድ መስመር ብቻ ከሆነ ደካማ ነው፤ ወዲያና ወዲህ ተደጋግሞ ከተሰፋ፣ ወይም አራት ማዕዘን ሆኖ በመካከሉ የመስቀለኛ ስፌት ካለበት የተሻለ ነው። የማንገቻው የታችኛው ጫፍም በሦስት ማዕዘን ጨርቅ ተይዞ ከጎኑ ጋር ቢያያዝ ኃይሉ ይከፋፈልለታል።

ቀጥሎ ቦርሳውን ገልብጦ ውስጡን ማየት ነው። የጨርቁ ጫፍ በጥብጣብ ተሸፍኗል ወይስ ክሩ ተዘርግፏል? ዛሬ የተዘረገፈ ክር ነገ የተተረተረ ስፌት ነው። የላፕቶፑ ኪስ መጨረሻም ከቦርሳው ወለል ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ መንጠልጠል አለበት። እጅን ከቶ ወደ ታች ሲጫኑ ኪሱ ወለሉን ከነካ፣ ቦርሳው መሬት ላይ በተቀመጠ ቁጥር የኮምፒዩተሩ ጠርዝ ይመታል ማለት ነው። ጀርባው ብዙ ስፖንጅ ስላለው ብቻ ኮምፒዩተሩ የተጠበቀ አይምሰለን፤ ያ ስፖንጅ የተደረገው ለተሸካሚው ምቾት ነው።

ስለ ዚፑም እንዲሁ ነው። ዚፖች በቁጥር ይለያሉ፤ 5፣ 8 እና 10 የተለመዱ ናቸው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ጥርሱ ይሰፋል። ለዋናው ኪስ 8 ወይም 10 ቢሆን ይመረጣል። እ.ኤ.አ. በ1934 በጃፓን የተመሠረተው ዋይ ኬ ኬ የተባለው ድርጅት በዚፕ ሥራ የታወቀ በመሆኑ ብዙ ሰው ፊደሎቹን በዚፑ ራስ ላይ ይፈልጋል። ይሁንና ፊደል ማንም ሊቀርጽ ስለሚችል፣ ዚፑን ዐሥር ጊዜ ያህል ከፍቶ መዝጋት፣ በተለይ በማዕዘኖቹ ላይ ሲያልፍ መያዝ አለመያዙን ማየት የበለጠ ማስረጃ ነው።

ስለ መጻሕፍት መያዣ ካነሣን፣ በአገራችን ለብዙ ዘመን የኖረውን ማኅደር ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባም። ማኅደር በአንድ የብራና መጽሐፍ ልክ ከቆዳ ተቆርጦ፣ በጠፍር ተሰፍቶ፣ ክዳን ተደፍቶበት፣ በማንገቻው ትከሻ ላይ የሚውል ነው። ቤት ሲደርስም ከግድግዳ ላይ ስለሚሰቀል መጽሐፉ ከምድር እርጥበት ይጠበቃል። ምንም ዓይነት ወረቀት አልተንጠለጠለበትም፤ ነገር ግን ማን እንደሚሸከመው፣ ምን እንደሚያዝበትና የት እንደሚያድር የሚያውቅ ሰው ሠርቶታል። ይህን ስንል ኮምፒዩተሩን በቆዳ ማኅደር ይያዙ ማለታችን አይደለም። ቆዳ ይከብዳል፣ ውኃም ይጠጣል። ብራና ቢወድቅ አይሰበርም፤ የላፕቶፕ ማያ ግን መስተዋት አለበት። ከማኅደሩ የምንወስደው አሠራሩን ሳይሆን መመዘኛውን ነው፤ ይኸውም መያዣ የሚለካው በሚይዘው ዕቃና በሚሔድበት መንገድ ነው የሚለውን።

ማኅደሩ ሌላም ትምህርት አለው፤ ጠፍሩ ቢበጠስ የመንደሩ ቆዳ ሠሪ ይጠግነዋል። ለላፕቶፕ ቦርሳም ትልቁ የዘላቂነት ጥያቄ ይህ ይመስለናል፦ በወረዳ ከተማ ያለ ጫማ ሰፊ ወይም ቦርሳ ሰፊ ሊጠግነው ይችላልን? ማንገቻው በውጭ በኩል በሚታይ ስፌት የተያዘ ቦርሳ በቀላሉ ይደገማል። በስፖንጅና በገበር መካከል ተደብቆ የተሰፋ ግን ቦርሳውን ካልፈቱት አይጠገንም። ዚፕ አልያዝ ሲልም ብዙውን ጊዜ የሚያልቀው ጥርሱ ሳይሆን ራሱ ነው፤ ራሱ ብቻ ሊለወጥ ይችላል። መጠገን የማይቻል ቦርሳ ዋጋው ምንም ያህል ቢወደድ ዕድሜው የሚያበቃው በመጀመሪያው ብልሽት ነው።

እዚህ ላይ «ይህ ሁሉ ገንዘብ ላለው ነው፤ የሌለው ያገኘውን ይይዛል» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው እውነት አለው። ነገር ግን ውድ የሆነ ሁሉ ጠንካራ አይደለም፤ ርካሽ የሆነውም ሁሉ ተስፋ የለሽ አይደለም። ጨርቁ ደህና የሆነ፣ ስፌቱ ግን የላላ ርካሽ ቦርሳ የገዛ ሰው፣ ገና አዲስ ሳለ ለሰፊ ሰጥቶ ማንገቻዎቹንና ወለሉን በጠንካራ ክር ቢያስደግም፣ ከውዱ የማይተናነስ ዕቃ ይኖረዋል። ይህ ግን ጊዜ ይፈልጋል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ በጉዞ ዋዜማ ምሽት የተገዛ ቦርሳ ስፌቱ ሳይታይ ይገዛል።

የቱንም ያህል ቢመረጥ ደግሞ ቦርሳ ሁሉን አይችልም። ኮምፒዩተር ያለበት ቦርሳ ወደ ፖርቶመጋላ መውጣት የለበትም። ቦታ ከጠበበ ልብሱ ይውጣ፤ ኮምፒዩተሩ ጭን ላይ ይቀመጥ። በአውሮፕላን የሚሔድም ሰው ትርፍ የሊቲየም ባትሪና ፓወር ባንክ ካለው፣ ከሚጫነው ሻንጣ አውጥቶ ከራሱ ጋር መያዝ ግዴታው ነው።

በመጨረሻም ለቋንቋ፣ ለሒሳብና ለፊዚክስ መምህራን አንድ ሐሳብ እናቅርብ። ተማሪዎች የራሳቸውን የደብተር ቦርሳ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ወረቀቱ ስለ ቦርሳው ምን እንዳለ፣ ስፌቱ ምን እንደሚል፣ የትኛው እውነት እንደሆነ በአንድ ገጽ ቢጽፉ፣ ሂስ ምን እንደሆነ ከብዙ ትርጓሜ በተሻለ ይረዱታል። የክብደቱን ስሌትና የሰያፉን ልኬት ሲጨምሩበት ደግሞ በአንድ ቦርሳ የሦስት ክፍለ ጊዜ ትምህርት ይገኛል። በተማሪው ጀርባ ላይ ያለው ማንገቻም ከመበጠሱ በፊት ይታያል፤ ሊጠገንም ይችላል።