መጀመሪያ በአፍ፣ ቀጥሎ በእጅ

ገበጣ ለአንደኛ ደረጃ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ተብሎ የተፈጠረ ይመስላል። ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ ስድስት ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ አራት ጠጠር። ጨዋታው ሳይጀመር ጥያቄው ይመጣል፤ ለአንድ ገበጣ ስንት ጠጠር እንልቀም? 48። ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል ሁለት ሁለት ሆነው ሲቀመጡ 30 ገበጣ ያስፈልጋል፤ ጠጠሩም 1440 ይሆናል። ለቀማውም፣ አሥር አሥር እያደረጉ መቁጠሩም የልጆቹ ሥራ ነው።

የሚያስቸግረው ጉድጓዱ ነው። የማስተምርበት የጊንጪ መሬት ኮትቻ ነውና መስከረም ላይ እጅ ላይ ይለጠፋል፣ በበጋ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ለመቆፈር እንቢ ይላል። ስለዚህ ከሱቅ ባዶ የእንቁላል ትሪ እንሰበስባለን። አንዱ ትሪ በአምስት ረድፍ ስድስት ስድስት፣ በድምሩ 30 ጉድጓድ አለው። በመቀስ ሲቆረጥ ሁለት ገበጣ ይወጣውና አንድ ረድፍ ይተርፋል። ማካፈልና ቀሪ እዚያው መቀሱ ላይ ተጀመሩ ማለት ነው።

የገበጣ ሕግ እንደየአገሩ ይለያያል። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከኢትዮጵያና ከአፍሪካ ቀንድ ከመቶ በላይ ዓይነት አጫዋወት መዝግበዋል። ለክፍል የሚመቸኝ ቀላሉ ነው፤ ከአንዱ ጉድጓድ ጠጠሩን በሙሉ አንስተህ በተከታዮቹ ላይ አንድ አንድ ትጥላለህ። የመጨረሻዋ ጠጠር ባለ ጠጠር ጉድጓድ ላይ ካረፈች ያንን ሁሉ አፍሰህ ትቀጥላለህ፤ ባዶ ላይ ካረፈች ተራህ አለቀ። የመብላቱን ሕግ ለኋላ አቆየዋለሁ። በዚህ ላይ የራሴን ሁለት ነገር እጨምራለሁ። ጉድጓዶቹ ከ1 እስከ 12 ቁጥር ይጻፍባቸዋል፤ እጅ ጠጠር ከመንካቱ በፊት ደግሞ አፍ መናገር አለበት። «የመጨረሻዋ የት ታርፋለች?» የተናገረው ካልሆነ ተራው ያልፋል።

ከ1 ቁጥር አራት ጠጠር ያነሳ ልጅ 5 ላይ ያርፋል። እዚያ አሁን አምስት ጠጠር አለ፤ 5 ሲደመር 5፣ 10። 10 ላይም አምስት አለ፤ 15። እዚህ ላይ ጭቅጭቅ ይነሳል፤ 15 የሚባል ጉድጓድ የለማ! አንዳንዱ በጣቱ ጉድጓዶቹን እየነካ ይዞራል። ቆየት ብሎ አንዱ «ከ12 ያለፈውን ብቻ ቁጠር፣ 3 ነው» ይላል። ይህንን ከሰዓት ያውቁታል፤ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ አምስት ሰዓት ሲጨመር ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። 3 ቁጥር ላይ ቀድሞ ከነበሩት አራት ጋር በሁለት ዙር የተጨመሩት ሁለት አሉ፤ ስድስቱ ሲነሱ 9 ላይ ያደርሳሉ። 9 ላይም ስድስት አለ፤ ተመልሶ 3። 3 ደግሞ አሁን ባዶ ነው፤ ተራው አለቀ። በመጨረሻ ሁሉም ይደመራል፤ 48 ካልሞላ ጠጠር ወድቋል ወይም ኪስ ገብቷል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ልጆቹ መከራከር ሲችሉ ነው፤ ክርክር ደግሞ በእናት ቋንቋ ነው የሚያምረው። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ እዚህ አንደኛ ደረጃ የሚማረው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ «ለምን 3 ሆነ?» ለሚለው ጥያቄ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ቃል አያጣም።

ለማባዛት ገበያው ይበቃል። ድንችና ቲማቲም በመደብ ሲሸጥ ያላየ ልጅ የለም። የአምቦ ውሃ ቆርኪ እንሰበስብና 24ቱን አራት አራት አድርገው ይደረድራሉ፤ ስድስት መደብ። ስድስት ስድስት ሲያደርጉት አራት መደብ። አንድ ቆርኪ ስጨምር «እሷማ ምራቂ ናት» ይሉኛል። ቀሪ የሚባለውን ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ጨዋታው ሞቀ ማለት ግን ሒሳቡ ገባ ማለት አይደለም። ፈጣኑ ልጅ ብቻ የሚያሸንፍበት፣ ሌላው የሚያጨበጭብበት ውድድር ለጩኸት እንጂ ለትምህርት አይሆንም። ሁለት ሁለት የማስቀምጣቸው ለዚህ ነው፤ ማንም ተመልካች አይሆንም። የሥነ ልቦና ምሁሩ ጄሮም ብሩነር በ1966 እ.ኤ.አ. ልጅ ነገርን በመጀመሪያ በድርጊት፣ ቀጥሎ በሥዕል፣ ኋላ በምልክት ይይዛል ብለው ጽፈዋል። እኔም ጠጠሩን ከጥቂት ሳምንት በኋላ አነሳዋለሁ። 12 ክብ ደብተር ላይ ይሣላል፤ ቀጥሎ ክቡም ይነሳና ቁጥሩ ብቻ ይቀራል፤ 10 + 5 = 15፣ 15 − 12 = 3። እዚህ ላይ የተደናቀፈው ወደ ትሪው ይመለሳል፤ ቅጣት አይደለም።

«መምህር፣ ጠጠርማ ከብት ሲጠብቅም ይጫወታል፤ ለዚህ ነው እንዴ የምልከው?» ያሉኝ እናት አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እረኛ ልጅ በገበጣ እኔን ያሸንፈኛል። እጁ ያውቃል፤ እንዴት እንዳወቀ ግን የጠየቀው የለም። ትምህርት ቤት የሚጨምርለት አስቀድሞ መናገርን፣ ምክንያቱን ማስረዳትንና በቁጥር መጻፍን ነው። ይህ ከሌለበት ልጁን ከከብቶቹ ለይቼ የማመጣበት ምክንያት የለኝም።